ከቆመበት ተነስቶ ባሻው ስለሚያርፍ አውሮፕላን የጠየቃችሁን

ያለ መንደርደሪያ ተነስተው ያለ መንደርደሪያ ስለሚያርፉ አውሮፕላኖች ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል። ሰፊ መልስ የሚፈልገውን ሰፋ፣ በሁለት አረፍተ ነገር የሚያልቀውን አጠር አድርገን መልሰናል። አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ አየር ላይ ሲቆም ሚዛኑን የሚጠብቅለት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ተራ አውሮፕላን አብራሪው መሪውን ቢለቀው እንኳ ለጊዜው ቀጥ ብሎ ይበራል ይባላል። ሄሊኮፕተርና ሌሎች አየር ላይ የሚቆሙት ግን ለአፍታም አይለቀቁም። ልዩነቱ ከምን መጣ?

መልስ፦ ከፍጥነት። ተራ አውሮፕላን ወደ ፊት ሲበር አየሩ በክንፉና በጅራቱ ላይ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ንፋስ መትቶ አፍንጫውን ቀና ቢያደርገው አየሩ ጅራቱን በሌላ ማዕዘን ያገኘዋል፣ ኋላውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አፍንጫውም ተመልሶ ዝቅ ይላል። ማንም አላዘዘውም። ቅርጹ ራሱ ነው የሚያስተካክለው። ችግሩ ይህ ኃይል ያለ ፍጥነት አይኖርም። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን ጅራቱም፣ ክንፉ ላይ ያሉት መቆጣጠሪያ ሰሌዳዎችም ምንም አይሠሩም።

ስለዚህ አየር ላይ የቆመ አውሮፕላን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ኳስ ነው። ነካ ካደረጉት ይሄዳል፣ የሚመልሰው የለም። ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሄድ እንይ። 3 ዲግሪ ብቻ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ቀረ እንበል። 3 ዲግሪ በዓይን ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። ግን የሞተሩ ግፊት ጥቂቱ ወደ ጎን ስለሚዞር አውሮፕላኑ በየሰከንዱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ፍጥነት እየጨመረ ይንሸራተታል። 3 ሰከንድ ሲሞላው ከ2 ሜትር በላይ ርቋል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 1.5 ሜትር ደርሷል። ጠባብ የመርከብ ወለል ላይ ለማረፍ ለሚሞክር አብራሪ ይህ ብዙ ነው።

ሌላም አለ። መሪውን ስትነካው በቀጥታ ቦታህን አትለውጥም። መሪው የሚያዞር ኃይል ይፈጥራል፣ ኃይሉ እየተጠራቀመ የመዞር ፍጥነት ይሆናል፣ እሱ ተጠራቅሞ ማዘንበል፣ ማዘንበሉ ተጠራቅሞ ወደ ጎን መንሸራተት፣ መንሸራተቱ ተጠራቅሞ የቦታ ለውጥ ይሆናል። በእጅህና በቦታህ መካከል አራት እርከን አለ ማለት ነው። ስለዚህ መራቁን በዓይኑ አይቶ የሚያርም ሰው ሁልጊዜ ዘግይቷል። ሲያርም ያልፈዋል፣ ተመልሶ ሲያርም በሌላው በኩል ያልፈዋል፣ ውዝዋዜውም እየሰፋ ይሄዳል። ልምድ ያለው አብራሪ ይህን የሚያመልጠው ቦታውን ሳይሆን ማዘንበሉን ገና ሲጀምር ስለሚያርም ነው። የዛሬዎቹ ኮምፒውተሮችም ሥራቸው ይኸው ነው፤ የታችኞቹን እርከኖች ራሳቸው ይይዙና ለሰውየው የላይኛውን ብቻ ይተውለታል።

ጥያቄ፦ ድሮን በራሴ እየሠራሁ ነው። ሞተሮቹን ከላይ አድርጌ ባትሪውንና ጭነቱን ከታች ባንጠለጥል እንደ ፔንዱለም በራሱ ቀጥ አይልም? ኮምፒውተሩንም እቆጥባለሁ።

መልስ፦ አይልም፣ ወንድሜ። ይህ ሐሳብ በጣም አሳማኝ ስለሆነ ትልልቅ ሰዎችም ወድቀውበታል። አሜሪካዊው የሮኬት ሊቅ ሮበርት ጎዳርድ እ.ኤ.አ. በ1926 የመጀመሪያዋን በፈሳሽ ነዳጅ የምትሄድ ሮኬት ሲያስወነጭፍ ሞተሩን ከላይ፣ የነዳጅ ታንኮቹን ከታች ነበር ያደረገው። በኋላ ግን ሞተሩን ወደ ታች አወረደው፤ ከላይ መሆኑ ምንም አልጠቀመውምና።

ፔንዱለም የሚመለሰው የተንጠለጠለበት ሚስማር ስለማይነቃነቅ ነው። የአንተ ሞተር ግን ከድሮኑ አካል ጋር ተጠፍሮ አብሮ ያዘነብላል። ድሮኑ ሲያዘነብል ግፊቱም በዚያው ልክ ያዘነብላል፣ መስመሩ አሁንም በክብደት ማዕከሉ በኩል ያልፋል። የመሬት ስበትም የሚጎትተው በዚያው ማዕከል ላይ ነው። ሁለቱም በአንድ ነጥብ ካለፉ አካሉን መልሶ የሚያዞር ነገር አይገኝም። እንዳዘነበለ ይቀራል፣ እንዳዘነበለ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሮተሩ (የሚሽከረከረው ፕሮፔለር) ከክብደት ማዕከሉ በላይ ርቆ ሲቀመጥ፣ ድሮኑ መንሸራተት ሲጀምር አየሩ ሮተሩ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል መጀመሪያ ቀና የሚያደርገው ይመስላል። ቪዲዮ ላይ ለሁለት ሰከንድ ስታየው «ሠራ!» ትላለህ። ከዚያ አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በየምልልሱ ውዝዋዜው ይሰፋል። ተራ ሄሊኮፕተርም ማረጋጊያ ካልተገጠመለት የሚያስቸግረው በዚህ ነው። ኮምፒውተሩን አትቆጥበው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሃሪየር የተባለው የእንግሊዞች ተዋጊ አውሮፕላን እንደ ዛሬው ዓይነት ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን እንዴት አየር ላይ ይቆም እንደነበር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከመስታወቱ ፊት ያለችው ትንሽ ቀስት መሳይ ነገርስ ምንድን ናት?

መልስ፦ ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን፣ በተለይ ስለ ቀስቷ መጠየቅዎ አስደስቶናል።

የሃሪየር ቀዳሚ የሆነው ፒ.1127 ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፣ ያውም በገመድ ታስሮ። ሞተሩ አንድ ብቻ ነው። አራት የሚዞሩ ኖዝሎች (የሞተሩ ግፊት የሚወጣባቸው አፎች) አሉት። ወደ ታች ሲዞሩ ያነሱታል፣ ወደ ኋላ ሲዞሩ ወደ ፊት ይገፉታል። አራቱም ለክብደት ማዕከሉ ቅርብ ስለሆኑ ግን አውሮፕላኑን ለማዘንበል አያገለግሉም። ለዚያ ሌላ መላ ተፈለገ። ከሞተሩ መጭመቂያ ላይ ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር ተቀንሶ በቱቦ ወደ አፍንጫው፣ ወደ ጅራቱና ወደ ሁለቱ የክንፍ ጫፎች ይሄዳል። እዚያ ትንንሽ በሮች አሉ። አብራሪው መሪውን ሲያንቀሳቅስ በሮቹ ይከፈታሉ፣ አየሩ ፉት እያለ ወጥቶ አውሮፕላኑን ያዞረዋል። መሪው ያው የተለመደው መሪ ነው፤ ፍጥነት ሲኖር ሰሌዳዎቹ፣ ፍጥነት ሲጠፋ የአየር በሮቹ ይሠራሉ። የሚያስከፍለው ግን አለ። ለበሮቹ የሚሄደው አየር ከማንሻው ላይ የሚቀነስ ነው። ሙቀት በበዛበት፣ ጭነት በከበደበት ቀን ያ ቅንስናሽ ግፊት በጣም ያስፈልጋል።

የሞተሩ ውስጥም ታስቦበታል። ሁለቱ የሚሽከረከሩ ክፍሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። በአንድ አቅጣጫ ቢዞሩ ኖሮ አፍንጫውን ቀና ባደረጉ ቁጥር አውሮፕላኑ ወደ ጎን መዞር ይፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ቀስቷ። የምታሳየው አየሩ ከየት አቅጣጫ እየመጣ እንደሆነ ነው፣ እና የሰው ሕይወት ያለባት ዕቃ ናት። ሃሪየር ቀስ ብሎ ሲበር ሞተሩ እጅግ ብዙ አየር ይስባል። አየሩ ከጎን የሚመጣ ከሆነ ሞተሩ ያንን አየር አስቁሞ ወደ ራሱ አቅጣጫ ማዞር አለበት። የማዞሩ ኃይል አየር ማስገቢያው ላይ ያርፋል። ማስገቢያው ደግሞ ከክብደት ማዕከሉ ፊት ነው ያለው። ውጤቱ? አፍንጫው ከንፋሱ ይሸሻል፣ በሸሸ ቁጥር የጎን ንፋሱ ይጨምራል፣ በጨመረ ቁጥር የበለጠ ይሸሻል። በከፍተኛ ፍጥነት ጅራቱ ይህን ያሸንፈዋል፤ በዝቅተኛ ፍጥነት አያሸንፈውም። እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ነገር ግን እንደ ሃሪየር ያለ ጫፉ ወደ ኋላ የተመለሰ ክንፍ የጎን ንፋስ ሲያገኘው ንፋሱ የሚመጣበት ጎን የበለጠ ይነሳል፣ አውሮፕላኑ ይገለበጣል። የክንፍ ጫፍ በሮቹ ይህን ለመመለስ አቅም አይኖራቸውም። በዚህ ሁኔታ አብራሪዎች ሞተዋል። ስለዚህ ትምህርቱ ጥብቅ ነበር፦ በዝቅተኛ ፍጥነት ቀስቷን እያየህ አፍንጫህን ወደ ንፋሱ አዙር። በኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ የትኛውን ፔዳል መርገጥ እንዳለበት ለአብራሪው በማንቀጥቀጥ የሚናገር መሣሪያም ተጨመረ።

እንግዲህ አብራሪው በቀኝ እጁ መሪ፣ በግራ እጁ የነዳጅ መስጫና የኖዝል ማዞሪያ ነበረው። ሦስት መቆጣጠሪያ ለሁለት እጅ። በጭንቀት ሰዓት የተሳሳተውን መሳብ የሚቻል ነገር ነው። በአዲሱ የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን፣ በኤፍ-35ቢ ላይ ይህ ተለወጠ። አየር ላይ ሲቆም ቀኝ እጅ ወደ ላይ ወደ ታችና ወደ ጎን፣ ግራ እጅ ወደ ፊት ወደ ኋላ ነው የሚያዘው። በኖዝሉ፣ በማንሻ ማራገቢያውና በክንፎቹ በኩል የሚወጣውን ግፊት የሚያከፋፍለው ኮምፒውተሩ ነው። እጁን ሲለቅ አውሮፕላኑ ባለበት ይቆማል። ይህን አሠራር ለዓመታት የሞከሩት ለምርምር በተለወጠ አሮጌ ሃሪየር ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር በጋይሮ (ማዘንበልንና መዞርን በሚለካው መሣሪያ) እና በኮምፒውተር ከሆነ፣ ጋይሮው ቢሳሳትስ?

መልስ፦ አውሮፕላኑ ተሳስቶ በሙሉ ልብ ይሠራል። ትክክለኛው ስጋት ይህ ነው። የጀርመኑ ቪጄ 101ሲ እ.ኤ.አ. በ1964 የወደቀው ጋይሮው ተገልብጦ በመገጠሙ ነው። አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ማረጋጊያው መመለስ ሲገባው ወደዚያው ጎን ገፋው። አብራሪው በመዝለያ ወንበር ተርፏል። የእንግሊዙ ሾርት ኤስሲ.1 አብራሪ ግን አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ1963 የአውሮፕላኑ ጋይሮዎች የተሳሳተ «ቀጥታ» ነገሩት፣ ማረጋጊያውም አምኖ ተከተላቸው።

ለዚህ ነው ዛሬ ከአንድ በላይ ሴንሰር የሚደረገው፣ እርስ በርስም የሚመሳከሩት። ድሮን የምትሠሩም ብትሆኑ ፕሮፔለሩን ሳትገጥሙ ድሮኑን በእጃችሁ አዘንብሉት፣ ስክሪኑ ላይ በትክክለኛው አቅጣጫ ማዘንበሉን እዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የሚገኘው ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ለማየት የሶቪየቱን ያክ-38 ተመልከቱ። አየር ላይ ቆሞ ሳለ ከ60 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ አብራሪውን ሳይጠይቅ በራሱ ከነወንበሩ ያስፈነጥረው ነበር። ሰው አስቦ እስኪወስን የሚጠበቅበት ጊዜ የለም ብለው ነው።

ጥያቄ፦ ኦስፕሪ ስለሚባለው፣ ሮተሮቹን ስለሚያዘነብለው አውሮፕላን ስሰማ ሁሌ ስለ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሪዞና ውስጥ የደረሰው ከምን የተነሳ ነው?

መልስ፦ በኤፕሪል 8 ቀን 2000 ማራና በተባለ ቦታ፣ በምሽት ልምምድ ላይ፣ ቪ-22 ኦስፕሪ ወድቆ 19 የአሜሪካ ማሪኖች ሞተዋል። ሞተሩ አልጠፋም፣ የተሰበረ ነገርም አልነበረም። እንዲህ ነው የሆነው።

ሮተር ሰውን የሚያነሳው አየር ወደ ታች በመግፋት ነው። ወደ ፊት ብዙም ሳይሄድ ቁልቁል በፍጥነት ከወረደ፣ ራሱ ወደ ታች የገፋው አየር ውስጥ ይገባል። አየሩ በሮተሩ ጠርዝ ዞሮ ከላይ ይመለሳል፣ ክብ ሠርቶ ይሽከረከራል። ሮተሩ ያንኑ አየር ደጋግሞ ያዞራል እንጂ አያነሳም። ነዳጅ ቢጨምሩለት ሽክርክሪቱን ነው የሚያባብሱት። ሄሊኮፕተሮችም ይህ ያገኛቸዋል።

ኦስፕሪ ግን ሁለት ሮተር ጎን ለጎን አለው። ሁለቱም እኩል ሽክርክሪት ውስጥ ስለማይገቡ አንደኛው ቀድሞ ማንሳት ያቆማል፣ ሌላው ያነሳል፣ አውሮፕላኑም ይገለበጣል። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ መገልበጥ ሲጀምር አብራሪው፣ ማንኛውም አብራሪ እንደሚያደርገው፣ መሪውን ወደ ግራ ይወስዳል። ኦስፕሪ አየር ላይ ሲቆም ወደ ግራ የሚያዘነብለው የቀኙን ሮተር ላባዎች (የሚሽከረከሩትን ክንፎች) ማዕዘን በመጨመር ነው። ማዕዘኑ የሚጨመረው ግን ቀድሞውኑ ሽክርክሪት ውስጥ በገባው ሮተር ላይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው እርማት ነገሩን ያባብሰዋል። ያ አውሮፕላን በደቂቃ ከ2000 ጫማ፣ ማለትም በሰከንድ ከ10 ሜትር በላይ እየወረደ ነበር። ገደቡ ግን ከ40 ኖት (በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ገደማ) በታች ሲበር በደቂቃ 800 ጫማ ነው፤ በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ።

ከአደጋው በኋላ በተደረጉት ሙከራዎች መውጫው ተገኘ፦ ሮተሮቹን ወደ ፊት ማዘንበል። ወደ ፊት ሲያዘነብሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ንጹሕ አየር ያገኛሉ። ለዚያ ግን ከፍታ ያስፈልጋል። ከመሬት ሰባ ሰማንያ ሜትር ላይ ብዙ ዕድል የለም። ለአብራሪው አወራረዱ ሲፈጥን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያም ተገጠመ። ለሞቱት አብራሪዎች አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው፤ በዚያች ቅጽበት እጃቸው ሊያደርግ የሚችለው ተፈጥሯዊ ነገር ሁሉ ወደ ታች የሚወስድ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን እነሱ ላይ ብቻ መደፍደፍ ልክ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ ክንፍ ያለው፣ ለመነሻ ደግሞ አራት ሞተር የተጨመረበት ድሮን አለኝ። ወደ ክንፍ በረራ ሲቀየር አንዳንዴ ደህና ይሄዳል፣ አንዳንዴ ዘጭ ብሎ ይወርዳል። ኮዱ ያው ነው። የሚቀየረው የጂፒኤስ ፍጥነቱ በሰከንድ 18 ሜትር ሲደርስ ነው፣ ክንፉ የሚፈልገው 16 ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚወርድብሽ ቀን ንፋሱ ከኋላ እንደነበር እንወራረዳለን። ጂፒኤስ የሚነግርሽ ከመሬት አንጻር ያለሽን ፍጥነት ነው። ክንፉ የሚያውቀው አየሩን ብቻ ነው። በሰከንድ 5 ሜትር የሆነ ንፋስ ከኋላ ካለ፣ ጂፒኤሱ 18 ሲል ክንፉ የሚያገኘው 13 ነው። 13 በ16 ሲካፈል፣ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ 0.66 ይመጣል። ክንፉ ቢበዛ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛውን ይሸከማል። ኮድሽ ደግሞ አራቱን ሞተሮች አጥፍቷል። ቀሪውን አንድ ሦስተኛ የሚይዘው ጠፋ።

የአየር ፍጥነት የሚለካ ቱቦ ግጠሚ። ሞተሮቹንም በአንዴ አታጥፊያቸው፤ የአየር ፍጥነቱ ሲጨምር ቀስ በቀስ ይቀንሱ፣ ጥቂት ሰከንድም ተጠባባቂ ሆነው ይቆዩ። ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አዙረሽ ቀይሪ። በእኛ እምነት በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ከመነሳቱም ከማረፉም ይልቅ ሰው አቅልሎ የሚያየው ይህን መሸጋገሪያ ነው። ክንፉ ገና ሙሉ በሙሉ አልያዘም፣ ሞተሮቹ ደግሞ ሊለቁ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ሞተር ድሮንን አሥር እጥፍ አሳድጎ ሰው መጫን ለምን አይቻልም?

መልስ፦ ማንሳቱ ይቻላል። የሚያስቸግረው መቆጣጠሩ ነው። ትንሽ ድሮን ሚዛኑን የሚጠብቀው የሞተሮቹን ፍጥነት በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። ትንሽ ፕሮፔለር ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይታዘዛል። የፕሮፔለሩን መጠን በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ብታደርገው ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱን ለመለወጥ የሚያሳየው እምቢታ ደግሞ 32 እጥፍ። ትልቅ አውሮፕላን ራሱም ቀስ ብሎ ነው የሚያዘነብለው፣ ያ ትንሽ ይረዳል። ግን ንፋስ አይጠብቅም። «ጨምር» የተባለው ሞተር እስኪጨምር አውሮፕላኑ ሄዷል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ትንንሽ ሮተሮችን ማብዛት ነው። ሰው እንዲጭን የተሠራው፣ ቮሎሲቲ የተባለው የጀርመን አውሮፕላን 18 አለው። ሌላው ፍጥነቱን ትቶ የላባዎቹን ማዕዘን መለወጥ ነው፣ ሄሊኮፕተር ከጥንት ጀምሮ እንደሚያደርገው። ማዕዘን ለመለወጥ ከባዱን ሽክርክሪት ማፍጠን አያስፈልግም፣ ስለዚህ ፈጣን ነው። ዋጋው የሚንቀሳቀስ ዕቃ መብዛቱ ነው።

ጥያቄ፦ ድሮኔ አየር ላይ አንድ ሞተር ቢጠፋበት ይተርፋል?

መልስ፦ አራት ሞተር ብቻ ካለው በተለመደው ሶፍትዌር አይተርፍም። ዙሪያውን እየተሽከረከረ ከፍታውን እንዲጠብቅ የሚያደርግ ፕሮግራም ተሠርቶ ታይቷል፣ ያንተ ላይ ግን የተጫነ አይመስለንም። ስምንት ሞተር ካለው ቀሪዎቹ ሊሸከሙት ይችላሉ፣ ግን አቅም ከተረፋቸው ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ድሮኑ አየር ላይ ለመቆም ብቻ ሞተሮቹን ወደ ዘጠና በመቶ የሚያሠራ ከሆነ፣ ስምንትም ቢሆኑ ለመጨመር ቦታ የላቸውም። ሞተር ባይጠፋም እንኳ ኃይለኛ ንፋስ ሲመጣ አንዱን ጎን ከፍ ማድረግ ስለማይችል ይገለበጣል። ከጭነቱ ጋር አየር ላይ ሲቆም ግማሽ አካባቢ እንዲሆን አድርገው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጭነቱን ቀንስ ወይም ትልቅ ሞተር ግጠም።